የባንግላዲሹ ባንክ ዝርፊያ ሰሜን ኮሪያ ሠራዊት ጋ የተደረሰው በምን ማስረጃ ነው?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ የባንግላዲሽ ማዕከላዊ ባንክ 81 ሚሊዮን ዶላር ተዘርፎ ዋናው ሌባ ሳይያዝ "የሰሜን ኮሪያ ሠራዊት ነው" የተባለው በምን ማስረጃ ነው፣ አሜሪካ ጠላቷ ላይ የለጠፈችው ነገር አይደለም ወይ፣ የፊሊፒንሱ ባንክስ እጁ የለበትም ወይ፣ ባንግላዲሽ ባንኩ ውስጥስ ውስጥ አዋቂ ነበረ ወይ፣ እኛ ሀገርስ ሊደርስ ይችላል ወይ። እኔ ባንክ ቤት ስዊፍት ክፍል ገብቼ ነው ሥራ የጀመርኩት፣ አሁን የሲስተም ደህንነት ላይ ነኝ፣ ይሄ ነገር እንደተሰማ ቁጭ ብዬ የወጣውን ሰነድ ሁሉ ያነበብኩት ለራሴ ፈርቼ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ይረዝምብሃል ታገሰኝ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።

አጭሩን መልስ መጀመሪያ ልስጥህ። ሠራዊቱ ጋ ያደረሳቸው ገንዘቡ አይደለም። ገንዘቡን ተከትለው የሄዱት ፊሊፒንስ ማኒላ ካዚኖ (ቁማር ቤት) በር ላይ ዱካው ጠፍቶባቸው ቆመዋል። ያደረሳቸው ኢሜይል ነው። አንድ ሰው የኩባንያ ሠራተኛ ሆኖ ከደንበኛ ጋር የተጻጻፈበት ኢሜይልና የሰው ባንክ ለመስበር የተከፈቱት ኢሜይሎች ተነካክተው ተገኙ። እዛ ኢሜይል ላይ ደሞ ስምም ፎቶም ነበረ።

አሁን ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። ስዊፍት ገንዘብ የሚያጓጉዝ ነገር አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ባንክና ባንክ የሚላላኩበት የመልእክት መስመር ነው። ባንግላዲሽ ዶላሯን ያስቀመጠችው ኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ነው፣ ዳካ ያለው ባንክ "ከሒሳቤ ላይ ይሄን ያህል ለእገሌ ክፈልልኝ" ብሎ በስዊፍት ሲጽፍ ኒውዮርክ ይከፍላል። እኛም ውጭ ያለን ኖስትሮ አካውንት የምንለው እንደዛው ነው የሚሠራው። ስለዚህ ካዝና መስበር አያስፈልግም፣ ትዕዛዙን የሚጽፈው ኮምፒውተር ላይ እንደ ሠራተኛ መቀመጥ ከቻልክ አለቀ።

የገቡት እንዴት መሰለህ፣ በሥራ ማመልከቻ። ጥር 2015 ላይ ራሰል አህላም የሚባል ሰው ለባንኩ ሠራተኞች ኢሜይል ይልካል፣ እጅግ ጨዋ የሆነ ኢሜይል፣ እናንተ ጋ መሥራት እፈልጋለሁ ሲቪዬን እዚህ ጋ ታገኙታላችሁ የሚል። እንደዚህ የሚባል ሰው የለም። ሲቪውን አወርዳለሁ ብሎ የነካ ሠራተኛ ተገኘ፣ በዛች ቀዳዳ ገቡ። የሚገርመኝ ደሞ ከዛ በኋላ አለመቸኮላቸው ነው። ግንቦት 2015 ላይ ማኒላ ሪዛል ኮሜርሻል የሚባለው ባንክ ጁፒተር ጎዳና ቅርንጫፍ ውስጥ በሐሰት ስም አካውንቶች ተከፈቱ፣ እያንዳንዳቸው 500 ዶላር ገባባቸውና ዘጠኝ ወር ሙሉ ሳይነኩ ተቀመጡ። ሌባ 500 ዶላር አስቀምጦ ዘጠኝ ወር አይጠብቅም ወንድሜ፣ እንዲህ የሚጠብቀው ደሞዝ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው ነው። ይሄ ማስረጃ አይባልም፣ እኔን ግን ከሁሉ በፊት ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

ፕሪንተሯን ላምጣልህ። ዳካ ባንኩ 10ኛ ፎቅ ላይ አንድ ጥብቅ ክፍል አለ፣ እዛ ውስጥ አንዲት ፕሪንተር ሌት ተቀን የስዊፍት መልእክት ታትማለች፣ የወጣውም የገባውም ማረጋገጫ ወረቀት ሆኖ ይወጣል፣ ጠዋት የሚገባው ሠራተኛ ወረቀቱን ሰብስቦ ያመሳክራል። አርብ የካቲት 5 ቀን 2016 ጠዋት ሲገቡ ትሪው ባዶ ነው፣ ፕሪንተሯ አትሠራም። ያው ፕሪንተር ይበላሻል ብለው ተዉት፣ ቀኑም የእረፍት ቀናቸው ነው። እኔ በዚህ አልፈርድባቸውም። አንድ ጊዜ እኔ በምሠራበት ቦታ ሰኞ ጠዋት እንደዚሁ ፕሪንተራችን ዝም ብላ አገኘናት፣ ቶነር ነው ተባለ፣ ጥያቄ አስገባን፣ ቶነሩ እስኪመጣ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ወረቀት ሳያመሳክር ኤልሲው (ለአስመጪ የሚከፈተው የክፍያ ዋስትና) ሲከፈት ክፍያው ሲላክ ዋለ። ምንም አልጠፋም። ግን የዳካውን ታሪክ ሳነብ እነዛ ሁለት ቀናት ትዝ ብለውኝ እጄ ቀዘቀዘ፣ እውነቴን ነው።

ፕሪንተሯ እንዲሁ አልተበላሸችም። ቢኤኢ ሲስተምስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ሚያዝያ 2016 ላይ ቫይረሱን ፈታቶ አሳየን። የስዊፍት ሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ፕሮግራሙ ራሱን ይፈትሻል፣ ፍተሻው ካላለፈ ወደ ስህተት ዝለል ይላል። ሌቦቹ እዛች ቦታ ላይ ሁለት ባይት ብቻ ቀየሩ። ሁለት ባይት ማለት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል የምትጽፍበት ቦታ ነው። "ዝለል" የሚለውን አጥፍተው "ምንም አታድርግ" የሚል ጻፉበት፣ ከዛ በኋላ ፍተሻው ሁሌ ያልፋል። ያንን ካደረጉ በኋላ ዳታቤዙ ውስጥ እንደፈለጉ ይገባሉ፣ እነሱ የላኩትን ትዕዛዝ ይሰርዛሉ፣ ቀሪ ሒሳቡን ያስተካክላሉ፣ ወደ ኤችፒ ሌዘርጄቷ የሚሄደውን ማረጋገጫ ደሞ መንገድ ላይ ይይዛሉ። ይሄን የጻፈው ሰው የስዊፍትን ሶፍትዌር ከኛ ከተጠቃሚዎቹ በላይ ያውቀዋል። ታኅሣሥ 2015 ላይ ቬትናም ቲየን ፎንግ ባንክ ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ ከሽፏል፣ እዛ ደሞ ማረጋገጫ የሚያነቡት በፒዲኤፍ ስለሆነ የፒዲኤፍ ማንበቢያውን ነው አስመስለው የሠሩት። እያንዳንዱን ባንክ እንደ ልማዱ አጥንተውታል ማለት ነው።

ጊዜ አመራረጣቸውን ተመልከተው። ሐሙስ የካቲት 4 ማታ ዳካ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲሄድ ኒውዮርክ ጠዋት ነው፣ ሥራ እየጀመሩ ነው። አርብና ቅዳሜ ባንግላዲሽ እረፍት። ዳካዎቹ ነቅተው ኒውዮርክ ሲደውሉ ቅዳሜና እሁድ፣ ኒውዮርክ እረፍት። ሰኞ ኒውዮርክ ሲከፈት ማኒላ የቻይና አዲስ ዓመት፣ ተዘግቷል። በሦስት ሀገር ካላንደር አራት አምስት ቀን አገኙ። 35 ትዕዛዝ ላኩ፣ ድምሩ 951 ሚሊዮን ዶላር። አምስቱ አለፉ፣ 101 ሚሊዮን። ከዛ ውስጥ 20 ሚሊዮኑ ስሪላንካ ሻሊካ ፋውንዴሽን ለሚባል የተላከ ነበር፣ "ፋውንዴሽን" የሚለውን ቃል አሳስተው ስለጻፉት መሀል ላይ ያለው ዶይቸ ባንክ ምንድነው ይሄ ብሎ ጠየቀ፣ በዛው ቆመ። ሌላው አብዛኛው ትዕዛዝ የቆመው ደሞ "ጁፒተር" በሚል ቃል ነው። ቅርንጫፉ ያለበት ጎዳና ስም ጁፒተር ነው፣ በኢራን ምክንያት ማዕቀብ የተጣለበት የመርከብ ኩባንያም ስሙ ውስጥ ጁፒተር አለበት፣ የኒውዮርክ ሲስተም ስሙ ሲመሳሰልበት ያዘው። 850 ሚሊዮን ዶላር ያዳነው የጎዳና ስም ነው።

ወደ ማኒላው እንምጣ፣ የፊሊፒንሱ ባንክ እጁ አለበት ወይ ላልከው። ቀሪው 81 ሚሊዮን እነዛ ተኝተው የነበሩት አራት አካውንቶች ውስጥ ገባ። 500 ዶላር የነበረበት አካውንት ባንድ ጊዜ ስንት ሚሊዮን ሲገባበት ዝም የሚል ባንክ የለም፣ ዝም ካለ ሰው አለ ማለት ነው። ማክሰኞ የካቲት 9 ማኒላ ሲከፈት ከዳካ "ክፍያውን አቁሙ" የሚል መልእክት ደርሶ ነበር፣ በዛው ቀን ግን 58 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። የቅርንጫፉ ካሜራ በነዛ ቀናት አይሠራም ነበር። ፊሊፒንስ ሴኔት ምርመራውን በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲያስተላልፍ አንድ የቅርንጫፉ ሠራተኛ ቀርቦ 20 ሚሊዮን ፔሶ በካሽ ቆጥረው በሳጥን አድርገው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጇ መኪና ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ ብሎ መሰከረ። ሳጥን ነው የምልህ፣ እንደ ሸቀጥ።

ከዛ ገንዘቡ ፊልረም በሚባል የሐዋላ ድርጅት በኩል ፔሶ ሆነ፣ ከዛ ሶሌርና ማይዳስ ካዚኖ ገባ። ካዚኖ ለምን መሰለህ፣ ያኔ የፊሊፒንስ የገንዘብ ማጠብ ሕግ ካዚኖን አይጨምርም ነበር። ገንዘቡ ቺፕስ፣ ማለትም በገንዘብ ፈንታ የሚጫወቱበት የካዚኖ ጠጠር ሆነ፣ ተከራይተው በያዙት የግል ክፍል ውስጥ የራሳቸው ሰዎች ባካራ የሚባለውን የካርታ ቁማር ሲጫወቱ ሰነበቱ፣ የተረፈው ቺፕስ ተመልሶ ካሽ ሆነ፣ ያ ካሽ የጨዋታ ገንዘብ ነው፣ ከየት መጣ የሚለው ማንም የለም። ሕጉ የተስተካከለው 2017 ላይ ነው፣ ከረፈደ። አንድ ቁማርተኛ የሚያመጣ ደላላ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መለሰና ለባንግላዲሽ ተሰጠ፣ ሌላው ቀለጠ።

ተጠያቂው ማን ሆነ? የፊሊፒንስ ማዕከላዊ ባንክ ሪዛልን 1 ቢሊዮን ፔሶ ቀጣው፣ ፕሬዚዳንቱም ሥራ ለቀቀ። ማያ ዴጊቶ የምትባለዋ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ጥር 2019 ላይ በስምንት ክስ ጥፋተኛ ተብላ በያንዳንዱ ከ4 እስከ 7 ዓመት ተፈረደባት። እሷ ከላይ ያሉት ያውቃሉ ስትል፣ ባንኩ ደሞ የራሷ ሥራ ነው እኛ የለንበትም ሲል ነው የቆየው። ባንግላዲሽ ባንኩን ኒውዮርክ ከሳዋለች። የኔን ሐሳብ ከጠየቅከኝ፣ ባንክ ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ አንድ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ብቻዋን 81 ሚሊዮን ዶላር በሁለት የሥራ ቀን አታወጣም፣ ያን ያህል ካሽ ወደ ቅርንጫፍ እንዲመጣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ይጠየቃል፣ የባንኩን ገንዘብ የሚያስተዳድረው ትሬዠሪ ያየዋል፣ ሕግ መከበሩን የሚከታተለው ኮምፕላያንስ ያየዋል። ፍርድ ቤት ያረጋገጠው ግን የሷን ነው፣ ከዛ በላይ ያለውን እንደተረጋገጠ አድርጌ ልነግርህ አልችልም። ማኒላዎቹ ከፒዮንግያንግ ጋር ነው የምንሠራው ብለው ያውቁ ነበር የሚል ነገርም አልወጣም። ሴራ ስንል ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ይመስለናል፣ እዚህ ግን አንዱ ሌላውን ሳያይ ነው ገንዘቡን የተቀባበሉት፣ አደገኛ ያደረገውም እሱ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄህ። ዱካው በሁለት መንገድ ነው የመጣው። አንደኛው ኮዱ ነው። ዳካ ላይ የተገኘው ቫይረስ ሥራውን ሲጨርስ የራሱን ፋይል የሚያጠፋበት መንገድ አለው፣ ያ የማጥፊያ ኮድ 2014 ላይ ሶኒ ፒክቸርስ የሚባለው የፊልም ኩባንያ ሲሰበር የተገኘው ቫይረስ ውስጥ ካለው ጋር ቃል በቃል ማለት ይቻላል አንድ ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እንደ ልብስ ሰፊ ነው፣ የራሱ ስፌት አለው፣ ያለቀለትን ቁራጭ ደሞ ከዚህ ሥራ ወደዛ ሥራ ይዞት ይሄዳል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። በኋላ 2017 ላይ ዋናክራይ የሚባለው ሆስፒታል ሳይቀር የዘጋው ቫይረስ ሲመጣም የነዚህ ሰዎች ቁራጭ እዛ ውስጥ ተገኝቷል። በዛው ዓመት ካስፐርስኪ የሚባል የሳይበር ደህንነት ኩባንያ አንድ ሌቦቹ የሚጠቀሙበት ሰርቨር ሲመረምር ለአጭር ጊዜ ከሰሜን ኮሪያ የኢንተርኔት አድራሻ የገባ ሰው አገኘ። ካስፐርስኪ ደሞ የሩሲያ ኩባንያ ነው፣ አሜሪካን ለማስደሰት የሚሠራበት ምክንያት የለውም፣ ይሄን ልብ በልልኝ።

ኮድ ብቻውን ግን አይበቃም። ኮድ ይሰረቃል፣ ሌላ ሰው አስመስሎ ይጽፋል፣ ይሄ ክርክር ትክክል ነው። ሁለተኛው መንገድ ነው የጨረሰው። ኤፍቢአይ ሶኒ ከተሰበረ ጀምሮ ኢሜይል ሲሰበስብ ከርሟል፣ ክሱ ላይ እንደተጻፈው 100 ገደማ የፍርድ ቤት ማዘዣ አውጥቶ 1000 ገደማ የኢሜይልና የሶሻል ሚዲያ አካውንት አገላብጧል። እንዲህ ስትዘረጋው የምታየው የሰውን ልማድ ነው። ለባንግላዲሽ ሲቪ የላከው አካውንትና ለሌሎች ተበዳዮች ማጥመጃ የላኩት አካውንቶች በአንድ ኮምፒውተር ይከፈታሉ፣ አንዱ ለሌላው የይለፍ ቃል ማስመለሻ ሆኖ ይመዘገባል፣ የአንዱ አድራሻ መያዣ ውስጥ የሌላው ይገኛል። መሀላቸው ላይ ኪም ህዮን ዉ የሚል ስም አለ፣ እሱም የፈጠራ ስም ነው። ከዚህ ስም ጋር የተያያዙት አካውንቶች ደሞ ሄደው ሄደው ፓርክ ጂን ህዮክ ከሚባል እውነተኛ ሰው የሥራ ኢሜይሎች ጋር ይገጥማሉ። እዛ ጋ ነው ሽፋኑ የተቀደደው።

ፓርክ የሚሠራው ቾሱን ኤክስፖ ጆይንት ቬንቸር በሚባል ኩባንያ ነው። ኩባንያው መጀመሪያ ሰሜንና ደቡብ ኮሪያ በጋራ ያቋቋሙት ነበር፣ ደቡብ ጥላ ወጣች፣ ሰሜን ያዘችው። ድረገጽ ነበረው፣ ሶፍትዌርና ጌም ይሸጣል፣ ለውጭ ደንበኛ ፕሮግራም ይጽፋል። ቢሮው ቻይና ዳሊያን ከተማ ላይ ስለነበረ ፓርክ እዛ ተልኮ ዓመታት ሠርቷል፣ ሶኒ ከመሰበሩ በፊት ወደ ፒዮንግያንግ ተመለሰ። እንደ አሜሪካ መንግሥት አባባል ኩባንያው የሠራዊቱ የስለላ መሥሪያ ቤት፣ ሪኮኔሳንስ ጄኔራል ቢሮ የሚሉት፣ በተለይ ላብ 110 የሚባለው ክፍል ሽፋን ነው። አሁን ፎቶውን አስበው፣ ኤፍቢአይ በየቦታው የለጠፈው የፓርክ ፎቶ ከሰላይ ካሜራ የመጣ አይደለም፣ 2011 ላይ የኩባንያው አለቃ "ይህ ሥራህን የሚሠራልህ ባለሙያ ነው" ብሎ ለውጭ ደንበኛ በኢሜይል የላከው ነው። እነሱ ባንግላዲሽ የገቡት በሲቪ፣ እነሱ የተጋለጡትም የሠራተኛ መግለጫ ብለው በላኩት ወረቀት።

ሠራዊት ለምን ኩባንያ ያስፈልገዋል ካልክ መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው። ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ያለው የኢንተርኔት መስመር እጅግ ጥቂት ነው፣ ከዛ የሚወጣ ማንኛውም ነገር ባንዲራ ይዞ እንደመሄድ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ውጭ ወጥተው መቀመጥ አለባቸው፣ ለመቀመጥ ቪዛ፣ ቢሮ፣ ገቢ ያስፈልጋል፣ ያን የሚሰጠው ኩባንያ ነው። ደሞዛቸውንም ዶላር አምጥተው ራሳቸው ይሸፍናሉ። ግን ኩባንያ ከሆንክ ከደንበኛ ጋር ትጻጻፋለህ፣ ስምህን ትጽፋለህ፣ ፎቶ ትልካለህ። ወታደር ሆኖ ቢቀመጥ ኖሮ የማይተወውን ዱካ ነጋዴ ሲሆን ተወው።

ክሱ መስከረም 2018 ላይ ይፋ ሆነ፣ ከ170 ገጽ በላይ ነው። በየካቲት 2021 ጆን ቻንግ ህዮክና ኪም ኢል የሚባሉ ሁለት ሰዎች ተጨመሩበት፣ ሦስቱም የስለላ መሥሪያ ቤቱ አባላት ናቸው ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ለመስረቅና አስፈራርቶ ለመቀበል የሞከሩት ገንዘብና ክሪፕቶ ደሞ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው ይላል። ሰሜን ኮሪያ ፓርክ የሚባል ሰው የለም ብላ ክዳለች። ሦስቱም አልተያዙም፣ ስለዚህ ይሄ ማስረጃ በመስቀለኛ ጥያቄ አልተፈተነም፣ የአንድ ወገን ሰነድ ነው፣ አንተ የጠረጠርከው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ለምን አመንኩት ካልከኝ ግን፣ አሜሪካ ስላለች አይደለም። የእንግሊዙ ኩባንያ፣ የሩሲያው ኩባንያና የኤፍቢአይ ኢሜይል ክምር በየራሳቸው መንገድ ሄደው አንድ ቦታ ነው የደረሱት። ለመለጠፍ ብሎ የሚፈጥር ሰው ደሞ ትልቅ ጄኔራል ነው የሚፈጥረው እንጂ ዳሊያን ተቀምጦ ለደንበኛ ጌም የሚሠራ ፕሮግራመር አይፈጥርም።

ውስጥ አዋቂ ነበረ ወይ ላልከው፣ የባንግላዲሽ ፖሊስ የራሱን ሠራተኞች ሲጠረጥር ነው የኖረው። እርግጠኛ የሆነው ግን ቸልተኝነቱ ነው፣ የስዊፍት ኮምፒውተሮቹ ከሌላው ኔትወርክ በፋየርዎል አልተለዩም ነበር፣ የተያያዙት በ10 ዶላር አሮጌ ስዊች ነበር ብለዋል መርማሪዎቹ። ከዛ የከፋው ዝምታው ነው። የማዕከላዊ ባንኩ ገዢ አቲዩር ራህማን ወር ሙሉ ገደማ ለገንዘብ ሚኒስትሩ ሳይናገሩ ቆዩ፣ ሕዝቡ የሰማው ከፊሊፒንስ ጋዜጣ ነው፣ መጋቢት 15 ቀን ሥራ ለቀቁ። ሰውየው መጥፎ ሰው አይመስሉኝም፣ ገንዘቡን በጸጥታ አስመልሳለሁ ብለው አስበው ነው የሚመስለኝ፣ ግን ያ ወር ካዚኖው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው የወጡበት ወር ነው።

የኛን ሀገር በተመለከተ። መጋቢት 2024 ላይ ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን ከዚህ ጋር የሚያያይዝ ሰው አያለሁ፣ እሱ የሲስተም ማሻሻያ ስህተት ነው፣ ባንኩም ሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል፣ አትቀላቅለው። ስዊፍት ከዳካ በኋላ ከስተመር ሴኪዩሪቲ ፕሮግራም የሚባል አውጥቶ ሁላችንም በየዓመቱ ይሄን ይሄን አሟልቻለሁ ብለን እንፈርማለን፣ ኔትወርኩ ተለይቷል፣ ሜከር ቼከሩ፣ አንዱ ጽፎ ሌላው የሚያጸድቅበት አሠራር፣ አለ፣ በዚህ በኩል ከዛ ጊዜ ጋር አይወዳደርም። እኔን እስካሁን የሚያስጨንቀኝ ካላንደሩ ነው። ገናችን በፈረንጆቹ ጥር 7፣ ጥምቀታችን ጥር 19 ወይም 20 ነው፣ ኒውዮርክም ዱባይም ፍራንክፈርትም ያኔ ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ናቸው፣ እኛ ነን የተዘጋነው። ፋሲካም ብዙ ጊዜ ከነሱ ይለያል። ገና ሐሙስ ከዋለ ደሞ አርብን ፈቃድ ወስዶ ሀገር ቤት የሚሄደው ስንቱ ነው፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን፣ እሁድ፣ ቆጥረው፣ አራት ቀን። ለዳካ የበቃው ይሄው ነው።

እኛ ክፍል ከዛ የቶነር ነገር በኋላ ያደረግነው ትንሽ ነው ግን ልንገርህ። በዓል ሲሆን ከስዊፍት ክፍል አንድ ሰው በተራ ጠዋት ይገባል፣ የተላከውን ድምር ከኮረስፖንደንት ባንኩ (ውጭ ሒሳባችንን ከያዘልን ባንክ) መግለጫ ጋር ያመሳክራል፣ መግለጫውን የሚያየው ግን በዛው ኮምፒውተር አይደለም፣ ለብቻው በተቀመጠ ሌላ ማሽን ነው። ፕሪንተሯ ዝም ካለች ጥያቄ አስገብተን አንጠብቅም፣ ክፍያ ይቆማል፣ አለቃ ይደወልለታል፣ ሌሊትም ቢሆን። የኮረስፖንደንት ባንኮቹ የእረፍት ቀን ስልክ ቁጥር ደሞ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ምክንያቱም ዳካዎቹ ያን ቅዳሜ ኒውዮርክ በፋክስም በኢሜይልም በስልክም ሞክረው የሚያነሳ ሰው አላገኙም።